ዶርም ግዴታ የሆነበት የሃይማኖት ኮሌጅ ለምትገቡ

ይህን የምጽፈው ጎንደር ውስጥ ግቢ ማደር ግዴታ የሆነበት የሃይማኖት ኮሌጅ ለመግባት ለምታስቡ ነው። እኔ ስገባ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ትምህርቴን በደህና ጨርሻለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ። የዶርሙ ነገር ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ምዝገባው ቀላል ነው። የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የንስሐ አባት ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የዋስ ፎርም፣ የመኝታ ማስያዣ። በአንድ ጠዋት ያልቃል።

ደንቡም አላስቸገረኝም። ጠዋት ጸሎት አለ። ሴቶች ያለ ነጠላ ክፍል አንገባም። በአጽዋማት ካፌው የጾም ምግብ ብቻ ይሠራል። እንግዳ ዶርም አይገባም፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ በር ይዘጋል። ጠበቀብን ብለው የሚያማርሩ ጓደኞች ነበሩኝ፤ እኔ አልስማማም። ፈልገን ነው የገባነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ይላል። ተቋሙ ካለ ሥርዓት ይኖረዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። አልጋውን ከሥነ ምግባሩ ጋር አንድ ላይ አስረውታል። ጣሪያ ሲያፈስ የጥገና ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የጠባይ ጉዳይ ይሆናል።

የእኛ ክፍል የላይኛው ፎቅ ላይ ነበር። የጎንደርን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰኔ ሲገባ ኮርኒሱ መራስ ጀመረ። ከዚያ ግድግዳው ሻገተ፣ ፍራሼም ከሥር ረጠበ። እኔ ደግሞ አስም አለብኝ። ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር።

ደንቡ የሚለው «መጀመሪያ ለፕሮክተር (ለዶርም ተቆጣጣሪዋ) በቃል አሳውቁ» ነው። አሳወቅሁ። «ይሠራል» አለችኝ። ደጋግሜ ነገርኳት፤ ደጋግማ «ይሠራል» አለችኝ። የተማሪዎች መኖሪያ ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። «እህታችን፣ ትንሽ ታገሺ፣ ጸልዪበት» አሉኝ። መጸለዩንማ እጸልያለሁ። የጠየቅሁት ቆርቆሮው እንዲጠገን ነው።

አክስቴ አራዳ አካባቢ ትኖራለች። ክረምቱ እስኪወጣ እሷ ዘንድ ልደር ብዬ ጠየቅሁ። መንከራተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመኖሪያ ኃላፊው «ከግቢ ውጭ ማደር የዲሲፕሊን ጉዳይ ስለሆነ ዲኑን አነጋግሪ» አሉ። ዲኑ «የመኝታ ጉዳይ የመኖሪያ ክፍሉ ነው» ብለው መለሱኝ። ሬጅስትራር ደግሞ «ከንስሐ አባትሽ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ» አለ። የንስሐ አባቴ ደብዳቤውን ጻፉልኝ። ሲሰጡኝ ግን «ልጄ፣ እኔ ስለ ሃይማኖትሽ እመሰክራለሁ፤ ስለ ሳንባሽ መመስከር ያለበት ሐኪም ነው» አሉኝ። ከሁሉም ቢሮ የተሻለ ንግግር የሰማሁት ከእሳቸው ነው።

አንድ ሌሊት ዝናቡ በርትቶ ውኃው አልጋዬ ላይ ወረደ። ፕሮክተሯ ጋ ደወልኩና አክስቴ ቤት ሄድኩ። በማግስቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠራኝ። ክሱ «ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ ማደር» ይላል። ጠጥቶ በአጥር ዘሎ የገባ ተማሪ የሚከሰስበት አንቀጽ ነው። የት አደርሽ፣ ከማን ጋር አደርሽ፣ አክስትሽ ለመሆኗ ማስረጃ አለሽ ወይ አሉኝ። ሥጋ ወደሙ የምትቀበል ልጅ ፊታቸው ቁጭ ብላ! ስለ ጣሪያው ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ።

አጎቴ በዚሁ በጎንደር፣ በአታ ቤተ ክርስቲያን፣ አቋቋም (የማኅሌት ዝማሬና ሽብሸባ) የተማሩ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው አዘኑ። በአብነት ትምህርት ቤት፣ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ሥርዓቱ ከእኛ ኮሌጅ እጅግ ይጠብቃል። ተማሪው ግን ጎጆውን ራሱ ነው የሚሠራው፣ ቢያፈስም ራሱ ይከድነዋል። ቅኔውን ዋሸራ፣ ከዜማው ድጓውን ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አምባ ተምሮ ወደ ጎንደር ሲመጣ የኔታ ስለ ጎጆው አይከሱትም። ዛሬ የአባቶችን ሥርዓት ጠብቀናል የሚሉ ኃላፊዎች ይህንን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

መንገዱን ያሳየኝ ጠበቃ የሆነ ጎረቤታችን ነው። «በቃል የተባለ ነገር ሁሉ አልተባለም ማለት ነው፤ ሁለት ማመልከቻ ጻፊ» አለኝ። አንዱ ስለ ቤቱ፣ አንዱ ስለ ማስጠንቀቂያው። የዶርም ውሉን አብረን አነበብነው። ኮሌጁ «ለጤና ተስማሚ መኝታ» እንደሚያቀርብ ፊርማና ማህተም አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። እኔን የያዘኝ ውል እነሱንም ይይዛቸዋል ማለት ነው።

በቤቱ ማመልከቻ ላይ የሐኪም ማስረጃ ኮፒ፣ የኮርኒሱን ፎቶና የውሉን ገጽ አያያዝኩ። ስለ እምነት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ጠባዬ አንድ ቃል አልጻፍኩም። መዝገብ ቤት አስገብቼ ገቢ ቁጥር አስመታሁ፣ ለዲኑና ለመኖሪያ ክፍሉ ግልባጭ አደረግሁ። ለወራት «ታገሺ» ሲሉኝ የነበሩ ሰዎች ያን ጊዜ ተንቀሳቀሱ። ከውጭ የማደር ፈቃድ በደብዳቤ መጣ። ማስጠንቀቂያውም ተነሣ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም።

ስለዚህ «መጀመሪያ በቃል» የሚለውን ደንብ አትስሙ። ከመጀመሪያው ቀን ጻፉ። ከፈለጋችሁ ጽፋችሁ ከሰጣችሁ በኋላ በቃልም ንገሯቸው። ገቢ ቁጥር ሳትቀበሉ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። የሐኪም ማስረጃ ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ የእኔ ጓደኛ ሰጥታ ጠፍቶባታል። ክፍል የተረከባችሁ ዕለት ኮርኒሱን፣ ፍራሹን፣ መስኮቱን ፎቶ አንሡ። ይህን ችላ እንዳትሉ፤ እኔ ክሊራንስ ስጨርስ ውኃ ያበላሸውን ፍራሽ ክፈይ ተብያለሁ። ፎቶው ባይኖረኝ እከፍል ነበር።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በሕመም ምክንያት ከዶርም ለመውጣት የሚፈቅደው ማነው? የአንድ ሰው ኃላፊነት ጠቅሰው መልስ ካልሰጧችሁ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡና መልሱን ጠብቁ። ቤተሰብ ጎንደር ያላችሁ ደግሞ የቤተሰባችሁን አድራሻ ምዝገባው ላይ አስሞሉ። ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም ቢሏችሁ በጀርባው ጽፋችሁ አስፈርሙ።

የመኝታ ማስያዣዬን እስካሁን አልመለሱልኝም። የከፈልኩበት ደረሰኝ አለኝ። ሦስተኛ ማመልከቻ ጽፌ ዛሬ ጠዋት ገቢ አስደርጌያለሁ።