ሁለት ጊዜ የገዛሁት ማርሚታ

ማታ ዝም ብላ የገባች መኪናዬ ጠዋት ሳስነሳት እንደ ትራክተር አጓራች። ጎንበስ ብዬ ከስር ሳይ የኋላው ማርሚታ፣ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ዕቃ፣ ተበልቶ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል።

መለዋወጫ ሱቅ ስሄድ ሁለት ዓይነት አወጡልኝ። አንዱ ስም ያለው ነው፤ ካርቶኑ ላይ የመኪናው ሞዴል ሳይቀር ተጽፏል። ሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ ስም የለሽ፣ ዋጋው የዚያኛው ሲሶ። "ጭስ ለሚያልፍበት ቆርቆሮ ይህን ሁሉ ብር?" አልኩና ርካሹን ይዤ ወጣሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

መካኒኩ ዕቃውን በአንድ እጁ አንስቶ መዘነው። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ቀለለኝ" አለ። እኔ ደግሞ መቅለሉን እንደ ምስጋና ሰማሁት።

ማንጠልጠያው ከቦታው ሁለት ጣት ያህል ራቀ። ቆረጠው፣ አጠፈው፣ በየደው። ላሜራው ስስ ስለሆነ ብየዳው ሲነካው እየቀለጠ ይበሳል፤ አንዱን ሲደፍን ሌላው ይከፈታል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ። ያተረፍኩት ብር አብዛኛው ለእጅ ዋጋ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ባለፍኩ ቁጥር ቱቦው ወለሉን ይመታል፤ ጓ! ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ውስጡ የሆነ ብረት ወልቆ ይንኮሻኮሽ ጀመር። አስፈታሁትና ለሁለት ሰንጥቅልኝ አልኩት። መካኒኩ እንደ እብድ አየኝ፤ ግን ሰነጠቀው። ድምፅ መዋጥ የነበረበት ፋይበር እፍኝ አይሞላም። የውስጡን ቱቦ የያዙት ሁለት የብየዳ ነጥቦች ብቻ ናቸው፣ አንዱ ለቋል። ከታች ደግሞ ዝገት የመሰለ ውሃ ፈሰሰ።

ውሃው ገረመኝ። ለካ ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይወጣዋል፤ ከ1 ሊትር ቤንዚን በግምት 1 ሊትር ውሃ። ረጅም መንገድ ሲነዳ ሙቀቱ በእንፋሎት ያባርረዋል። የእኔ መኪና ግን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ናት፤ ማርሚታው በደንብ ሳይግል ትጠፋለች። ውሃው እዚያው ይተኛል። ስለዚህ እንደኔ አጭር አጭር የሚነዳ ሰው ማርሚታው የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ከላይ የተቀባው ብርማ ቀለም ምንም አያድነውም።

ለሁለተኛው ግዢ ማግኔት በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ከማይዝግ ብረት የተሠራውን ማግኔት አይይዘውም ሲሉ ሰምቼ ነበር። ግማሽ እውነት ነው። 304 የሚባለውን አይይዘውም፤ 409 የሚባለውን ግን ይይዘዋል፣ እሱም ከማይዝጉት ነው፣ የመኪና ፋብሪካዎችም ለጭስ ማውጫ በብዛት ይጠቀሙበታል። ከማግኔቱ ይልቅ የጠቀመኝ እጄ ነው። ሁለቱን አንስቼ መዘንኩ። ስፌታቸውን ዳበስኩ። አሮጌውን ይዤ ሄጄ ስለነበር ማንጠልጠያውን ጎን ለጎን አስተያየሁ። ስም ያለውን ገዛሁ፤ ያለ ምንም ብየዳ ገጠመ።

ይህ ማለት ሁሉንም በስም ግዙ ማለት አይደለም። ለማንጠልጠያ ጎማና ለማሰሪያ ዛሬም ርካሹን እገዛለሁ። ቀጥ ላለ ቱቦም ጎበዝ በያጅ ካለ ስም አያስፈልገውም። ወደ ሞተሩ በተጠጋን ቁጥር ግን ሐሳቤ ይለወጣል። በሽቦ ሽመና የተሸፈነውን ፍሌክሲብል፣ ማለትም ተጣጣፊውን የጭስ ቱቦ፣ ስገዛ ወደ ውስጡ አያለሁ፤ ደህናው ከሽመናው ስር ሌላ የተቆላለፈ የብረት ሽፋን አለው፣ ርካሹ ብዙ ጊዜ የለውም። ካታላይዘር፣ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ዕቃ፣ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በውስጡ ባለው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው። ውድ ማዕድናት ናቸው፤ ዕቃው በጣም ከረከሰ የተቀነሰው ከእነሱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ከኋላው ያለው ሴንሰር ደካማነቱን ሲያውቅ ፒ0420 የሚባለው ኮድ ይመጣል፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም ይበራል።

በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በሚለካው በኦክስጅን ሴንሰር ቀልድ የለም። ዴንሶና ኤንቲኬ ለመኪና ፋብሪካዎች ጭምር የሚያቀርቡ ስለሆኑ እነሱን እመርጣለሁ፤ ካርቶኑ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍም ንጹሕ መሆኑን አይቼ። አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል። ደግሞ ሴንሰር ከመቀየሬ በፊት ፍንጥቅ መኖሩን አስፈትሻለሁ። ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ይገባና ሴንሰሩ ይታለላል፤ ሞተሩ ነዳጅ ያነሰው መስሎት ይጨምራል። መካኒኩ የሚፈትሸው በጨርቅ ነው። ሞተሩ ገና ሳይግል ወፍራም ጓንት አድርጎ በጨርቁ የጭስ ማውጫውን አፍ ለአፍታ ይዘጋል፤ የት እንደሚያፏጭ ያዳምጣል። ከውጭ ነው እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሞክረውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

የተሰነጠቀው ማርሚታዬ ግማሹ አሁንም መካኒኩ ጋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በላስቲክ የተጠቀለለ ይዞ የመጣ ደንበኛ ሲያይ ምንም አይናገርም፤ አውርዶ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል።