«ነፃ ናት» ተባለ፤ እሷን ግን ያማታል

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ሆዷን ማመም ከጀመራት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። መጀመሪያ አሜባ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ጃርዲያ፣ ከዚያ ጨጓራ። የሰገራ ምርመራ፣ ደም፣ አልትራሳውንድ፣ ያልሞከርነው የለም። መድኃኒቱን ትጨርሳለች፣ ሳምንት ደህና ትሰነብታለች፣ ከዚያ እንደገና እምብርቷ አካባቢ ይዟት ትጎብጣለች። አያቷ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት፣ ጠበልም ወሰድናት። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ውጤቱን አገላብጦ «ነፃ ናት፣ ትምህርት ቤት ላለመሄድ ይሆናል» አለኝ። እሷ እዚያው ተቀምጣ። ታክሲ ውስጥ «እማዬ፣ አንቺም አታምኚኝም?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ነገሩን የፈታልን ሌላ የሕፃናት ሐኪም ነው። ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን ይችላል አለን። አንጀትና አንጎል በነርቭ ይነጋገራሉ፤ የልጄ ነርቮች ከመጠን በላይ ነቅተው፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለውን የምግብና የጋዝ እንቅስቃሴ እሷ እንደ ቁርጠት ይሰማታል። ሕመሙ እውነተኛ ነው! ክብደት መቀነስ፣ ሰገራ ላይ ደም፣ ትኩሳት ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ከመጣ ግን ሳንውል ሳናድር እንድንመለስ አስጠነቀቀን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለልጆች የቆየ ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ ከመድኃኒት ጎን የአካል እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ሕክምናም አለ። እኛ አገር ሥነ ልቦና ሲባል «ልጄ አላበደችም» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ግን ባለሙያዋ ያስተማረቻት ሆድን እየነፉ በዝግታ መተንፈስን፣ ሕመሙ ሲጀምር የሚመጣባትን ፍርሃት ማረጋጋትን ነው።

ከሁሉ የከበደው የእኔ ድርሻ ነበር። ጠዋት «ዛሬስ አመመሽ?»፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «አሞሽ ዋለ?» እላታለሁ። በፍቅር ነው የምጠይቃት፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሆዷን እንድታዳምጥ እያደረግኳት ነበር። አሁን ራሷ ስትነግረኝ እሰማታለሁ፣ አምናታለሁ፣ ከዚያ ወደምንሠራው ነገር እንመለሳለን።

ትምህርት ቤትንም ሕመሙ እስኪጠፋ አልጠበቅንም። በግማሽ ቀን ጀመረች። ከክፍል ኃላፊዋ ጋር ተነጋገርን፦ ሲያማት ወጥታ 10 ደቂቃ ታርፋለች፣ ተንፍሳ ትመለሳለች፣ ወደ ቤት አትላክም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አልቅሳለች፣ እኔም ከበሩ ስመለስ አልቅሻለሁ።

ሕመሙ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ይዟታል። ሐሙስ ዕለት ግን ሱዚ ስትዘል ውላ ጫማዋ አቧራ ለብሶ መጣች፣ ገና ከበሩ «እማዬ፣ ራበኝ» እያለች።