ለሰርጋችሁ ምን እናምጣ ላላችሁኝ

ሰርጋችን ከጥምቀት በኋላ ነው። ቀኑ ከተቆረጠ ጀምሮ የሚደወልልኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ምን ይጎድላችኋል? ምን እናምጣ?" በወጉ ቢሆን "እናንተ ብቻ ኑልን" ይባላል። እኔ ግን የሚያስፈልገንን ዕቃ ዘርዝሬ ለሚዜዬ ሰጥቻታለሁ። የጠየቀኝን ሁሉ ወደ እሷ እመራለሁ።

እማዬ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። "ሰው ምን ይለናል? ልመና አይመስልም ወይ?" አለችኝ። የራሷን ሰርግ አስታወስኳት። መሶቡን አክስቷ ሰፍታ፣ የጋቢውን ጥጥ አያቴ ፈትላ፣ ብረት ድስቱን ጎረቤት አዋጥቶ ነው ቤቷ የቆመው። ማን ምን እንደሚያመጣ ሴቶቹ ቡና ላይ ተነጋግረው ይከፋፈሉት ነበር። እኔ ያንኑ ነው ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት። ትንሽ ዝም አለችና "እንግዲያው ሙቀጫም ጻፊ" አለች።

አሜሪካ ያለችው የአጎቴ ልጅ ስታገባ ዝርዝሯን ያስመዘገበችው መደብር ነው። እንግዳው ከዝርዝሩ መርጦ ይከፍላል፤ የተገዛው ዕቃ ስለሚሰረዝ ሌላ ሰው አይደግመውም። እዚያ የቆየ ልማድ ነው። ቺካጎ የነበረው ማርሻል ፊልድስ የተባለ ትልቅ መደብር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ይህን አገልግሎት ጀምሯል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ያለኝ ሚዜዬና ደብተሯ ነው፤ እሱም ይበቃል። አንድ ሰው "ይሄን እኔ" ሲላት ስሙን አጠገቡ ትጽፍና ዕቃውን ትሰርዘዋለች።

ይህን ያህል የምጨነቀው እህቴ ቤት ያለውን ስላየሁ ነው። የግድግዳ ሰዓቱ፣ የብርጭቆ ስብስቡ፣ ባለ አበባው ፔርሙዝ ዛሬም ቁምሳጥኑ ላይ ከነካርቶኑ ተደርድሯል። ያመጡት ሰዎች ከደመወዛቸው ቀንሰው፣ በፍቅር ነው ያመጡት። እሷ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት ሊጥ ማቡኪያ እንኳን አጥታ ከጎረቤት ስትዋስ ከረመች። ያ ሁሉ ፍቅር ካርቶን ውስጥ ሲቀመጥ ያሳዝነኛል።

የእኔ ዝርዝር የሚጀምረው ከምጣድ ነው። የተከራየነው ግቢ ውስጥ ያለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ቆጣሪው የጋራ ነው። ስለዚህ ምጣድ ከመጻፌ በፊት አከራያችንን ጠየቅኳቸው። "መሰካት ትችያለሽ የኔ ልጅ፣ ግን ከጎረቤትሽ ጋር ቀን ተከፋፈሉ" አሉኝ። ተከራይ ከሆናችሁ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምጣድ የማያሰኩ አከራዮች አሉ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ይስባል። ይህ ወደ 16 አምፔር ነው። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። ለዚህ ነው ከምጣዱ ሥር "ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ የኤሌክትሪሺያን ዋጋ" ብዬ የጻፍኩት። ታላቅ ወንድሜ "ይሄ የእኔ ነው" ብሎ ያዘው። የሰርግ ስጦታ ገመድ ይሆናል ወይ ያሉ አሉ። ለእኔ ግን ቤቴን ከእሳት የሚጠብቅ ትልቅ ስጦታ ነው።

ምጣዱን ስትመርጡ ሸክላውን በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ፊቱን በመዳፋችሁ ዳብሱት። የጎደጎደ ቦታ ካለው ሊጡ እዚያ ይጠራቀምና እንጀራው ባንድ ወገን ይወፍራል። አክንባሎውም ግጥም ብሎ መቀመጥ አለበት፤ እንፋሎቱ በጎን ከወጣ እንጀራው በደንብ አይበስልም። ቤት ሲገባ ደግሞ ይሟሻል። ምጣዱ ሲግል የተፈጨ ጎመን ዘር እየነሰነሱ፣ ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ በጨርቅ ደጋግሞ ማሸት ነው። ይህን እማዬ ራሷ መጥታ ልታደርገው ቃል ገብታለች።

ሁለተኛው አጎበር ነው። ፋርማሲ ስለምሠራ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የወባ መድኃኒት ምን ያህል እንደሚፈለግ አያለሁ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወባ ይደርስባታል። እኛ ደግሞ ለሐይቁ ቅርብ ነን። አልጋው ከመገዛቱ በፊት አጎበሩ ተጽፏል፣ ሰፊው።

ለውሃ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ጽፌያለሁ። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ፍሪጅ ቢኖርም ባይኖርም በርሜል ግን የግድ ነው። ፕሬዠር ኩከርም አለ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ በጾም ሰሞን ጊዜም ማገዶም ይፈጃል። መጥበሻው ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ከነጭራው የሚያስተኛ ሰፊ ይሁን። አሞራ ገደል ሄደን ትኩስ አሳ ገዝተን ስንመለስ ቆራርጬ መጥበስ አልፈልግም።

ፍሪጁን ከነስታብላይዘሩ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በጋራ ትቼዋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ያለ ስታብላይዘር አልፈልገውም። ቁምሳጥኑ በብሎን የሚፈታ እንዲሆን ጽፌያለሁ፤ ተከራይ ነን፣ ነገ ዕቃ ጭነን ሌላ ቤት እንገባ ይሆናል። ሲኒና ረከቦቱን አክስቴ ይዛለች፣ እሱን ለሌላ አትሰጥም።

የእጮኛዬ እናት ሲዳማ ናቸው። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል፦ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው የሲዳማ ምግብ ቡርሳሜ የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ፣ ሻፌታ። "ልጄ ቤት ቡርሳሜ በሳህን አይቀርብም" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ጨመርኩት። እንግዲህ ቡርሳሜውንም ራሳቸው ያስተምሩኛል።

ኪሳቸው ለጠበበባቸው ጓደኞቼ ወንፊት፣ ማማሰያ፣ ጭልፋና የቢላ መሳያ አለ። እነዚህን በየቀኑ ነው የምጨብጣቸው፤ ማን እንደሰጠኝም በየቀኑ አስታውሳለሁ። አቅሙ ለሌለው መምጣቱ ይበቃኛል፣ ይህን ሚዜዬ ለሁሉም እንድትናገር አደራ ብያታለሁ።

እስካሁን ስም ያልተጻፈባቸው ፕሬዠር ኩከሩ፣ በርሜሉና ሰፌዱ ናቸው። ሰፌዱን የምትይዙ ካላችሁ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋ፣ ከምጣዱም ሰፋ ያለ ይሁን። ከጠበበ እንጀራው ሲወጣ ጠርዙ ይታጠፋል።