በቆሎው ንጹህ ቢመስልም ሴሎቹን ጠይቋቸው

የሻገተ በቆሎ ሲያጋጥም አራግፎ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መብላት የተለመደ ነው። ችግሩ ሻጋታው ቢሄድም መርዙ መቅረቱ ነው። አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ደግሞ መቀቀልም ሆነ መጋገር ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ከመፈተሻ መንገዶቹ አንዱ በጣም ይገርመኛል፤ መርዙን ለሕያው ሴሎች ማስቀመስ! ከእህሉ ተነጥሮ የወጣው ፈሳሽ ላብራቶሪ ውስጥ ባደጉ ሴሎች ላይ ይጨመራል። ቆይቶ ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ቀለም ይከተላል። ጤነኛ ሴል ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይቀይረዋል፣ የተመረዘው ግን አቅም ስለሚያንሰው ቀለሙ ፈዘዝ ይላል። ስንዴና በቆሎ ላይ ፉዛሪየም የሚባል ሻጋታ የሚተወው፣ ሪቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) ላይ ተጣብቆ የፕሮቲን ሥራ የሚያስቆመው ዲኦክሲኒቫለኖል የሚባል መርዝ በዚህ መንገድ ይጋለጣል።

አፍላቶክሲን ቢ1 የሚባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት ግን ተንኮለኛ ነው። ጉዳቱ የሚብሰው የጉበት ኢንዛይሞች ከቀየሩት በኋላ ስለሆነ፣ እነዚህ ኢንዛይሞች የሌሉት ሴል ላይ ብትሞክሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ሊያልፍ ይችላል። የሴል ምርጫ ቀልድ አይደለም።

ደግሞ ሴሎቹ መርዝ መኖሩን ይናገራሉ እንጂ ስሙን አይነግሯችሁም። ለስሙና ለመጠኑ ያው ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የተደባለቁ ነገሮችን አንድ በአንድ የሚለይ የላብራቶሪ ዘዴ ያስፈልጋል። ቢሆንም እኔ ሴሎቹን አልንቅም፤ ሁለት ሦስት መርዞች አንድ እህል ላይ ሲገኙ ተደምረው የሚያደርሱትን ጉዳት የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።