ድንጋዩ ውሃ ሲጠጣ

ዛሬ የሳሎናችንን ወለል ሊያይ የመጣው ባለሙያ ምንም መሣሪያ ሳያወጣ ውሃ ጠየቀ። ጣቱን ነክሮ እብነ በረዱ ላይ ጠብ አደረገና ቁጢጥ ብሎ ይመለከት ጀመር።

ጠብታዋ መጀመሪያ ድብልብል ብላ ቆመች። ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ዳር ዳሯ ጠቆር አለ፤ በጨርቅ ሲያብሳት ከሥሯ የእርጥበት ጥላ ቀረ። «እየጠጣ ነው። ሲለሩ አልቋል» አለኝ።

ሲለር የሚባለው ድንጋዩ ላይ የሚቀባ መከላከያ ዘይትና ቀለም በድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዳይሰርግ ያዘገያል እንጂ ከአሲድ አያድንም። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የፈሰሰበት ቦታ የሚደበዝዘው ቆሽሾ አይደለም፤ አሲዱ የድንጋዩን ካልሲየም ካርቦኔት በልቶት ነው። ቢፈትጉት አይለቅም፤ እንደገና መወልወል ይፈልጋል። «ኮምጣጤ የማያጸዳው የለም» የሚለውን ምክር እባካችሁ እብነ በረድ ላይ አትሞክሩት። ግራናይት አሲድን የተሻለ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የአሸዋው ነገር ነው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ ነው፤ አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ ግን 7። ከጫማ ጋር የገባች ቅንጣት በየእርምጃው ትሞርደዋለች ማለት ነው። በር ላይ ምንጣፍ ማንጠፍና ውሃ ከመንካቱ በፊት በለስላሳ መጥረጊያ መጥረግ ከየትኛውም ውድ ፈሳሽ ይበልጣል።

«ድንጋይ ምን ይሆናል» እያልን ስንቱን ውብ ወለል አበላሸን! በሙቀትና በግፊት ከምድር ሥር የተሠራ ነገር በአንድ ጠርሙስ ማጽጃ ሲደበዝዝ ያሳዝናል።

ሲለሩ የሚቀባው ወለሉ ታጥቦ ክው ብሎ ሲደርቅ ነው። ሳሎኑን እስከዚያው ዘግተነዋል።