ሁለት ስህተት ተደርቦ 392 ሲሆን

ይህን የምጽፈው ፍሬሽማን ላይ ጀነራል ፊዚክስ ለምትወስዱ ነው። እኔን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሰባት ነጥብም፣ የሁለት ቀን የታክሲ ብርም አላጣም ነበር።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ ተነስቶ መሃል ከተማ ማታ መማር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ቶርክን፣ ማለትም ጉልበት አንድን ነገር በአንድ ነጥብ ዙሪያ የማዞር አቅሙን፣ ያጠናሁት አብዛኛውን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ቀመሩ አጭር ነው፤ ርቀት ሲባዛ በጉልበት፣ ሲባዛ በማዕዘኑ ሳይን። ብሎን በቁልፍ መፍታት፣ በር መግፋት፣ እነዚህ በአንድ ማታ ገቡኝ። ስለነሱ አላወራም።

እኔን የጣለኝ የዕቃው የራሱ ክብደት ነው።

የሚድ ጥያቄው እንዲህ ይላል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ መጠነ ቁሱ 20 ኪሎ ግራም የሆነ ወጥ ዘንግ አንድ ጫፉ ግድግዳ ላይ በማጠፊያ ተይዟል። ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ወደ ላይ ተነስቷል። የራሱ ክብደት በማጠፊያው ዙሪያ የሚፈጥረው ቶርክ ስንት ነው?

20ን በ9.8 አባዛሁ፤ 196 ኒውተን። እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ የተሰጠኝ ርዝመት 4 ስለሆነ 4 አስገባሁ። የተሰጠኝ ማዕዘን 30 ስለሆነ ሳይን 30 አስገባሁ። 392 ኒውተን ሜትር መጣ። ነጥብ እንኳ የሌለው ንጹሕ ቁጥር! ስንወጣ አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ ጠየቅኩት። እሱም 392። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወረቀቱ ሲመለስ ዜሮ። ከሰባት ዜሮ። ለ196ቷ እንኳ ግማሽ ነጥብ የለም።

ቅሬታ ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪው አልመጣም። በማግስቱ ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት ጠብቄ አገኘሁት። ወረቀቱን አየት አደረገና «ኮንሰፕቱ የለሽም» አለኝ። «ቲቸር፣ እሱም እኮ 392 ነው ያመጣው» አልኩት። «እሱም ዜሮ ነው» ብሎ ክፍል ገባ። እስካሁን ያናድደኛል። አንዲት መስመር ቢያሰምርልኝ ይበቃኝ ነበር፤ እስክሪብቶውም እጁ ላይ ነበር።

የልጁን ወረቀት ሳይ ነገሩ ገባኝ። እሱ የዘንጉን ግማሽ፣ 2 ሜትር ወስዷል፤ ግን ማዕዘኑን ጨርሶ ረስቶታል። 196 በ2፣ 392። እኔ ደግሞ ሙሉውን 4 ወስጄ ማዕዘኑን ተሳሳትኩ፤ ሳይን 30 ግማሽ ስለሆነ መልሶ እዚያው አደረሰኝ። በየራሳችን መንገድ ጠፍተን አንድ ቁጥር ላይ ተገናኘን። ከዚያ ወዲህ የጓደኛ መልስ ከመልሴ ጋር ስለገጠመ አልደሰትም።

ማዕዘኑን የገለጠልኝ አካፋ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ብሎካችን ስር ከሚሠራው ቤት አጠገብ አንድ አካፋ አነሳሁ። የእጀታውን ጫፍ በአንድ እጅ ይዛችሁ አካፋውን አግድም ዘርጉት። የእጅ አንጓ አይችለውም። አሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙት። ክብደቱ ያው ነው፤ አንጓችሁን ግን አይጠመዝዝም። የሳይቱ ጥበቃ «ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ። «ፊዚክስ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «አካፋውን እንዳትሰብሪው እንጂ ሌላውን እንደፈለግሽ» አሉ።

የእኔን ቀመር እዚህ ላይ ፈትኑት። አግድም ማለት 0 ዲግሪ ነው። ሳይን 0 ዜሮ ነው። በእኔ ስሌት አግድም የተዘረጋ አካፋ እጅ አያደክምም ማለት ነው! ቀመሩ የሚፈልገው በዘንጉና በክብደቱ መካከል ያለውን ማዕዘን ነው። ክብደት ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው። ስለዚህ ማዕዘኑ 120 ዲግሪ ነው፤ ሳይን 120 ደግሞ ኮሳይን 30 ነው፣ 0.866።

ርቀቱስ? ክብደት ዘንጉ ላይ በሙሉ ተበትኗል። ማጠፊያው አጠገብ ያለው ክፍል ትንሽ ይጠመዝዛል፣ ጫፉ ላይ ያለው ብዙ። ሲደመር ውጤቱ ሙሉው ክብደት የስበት ማዕከሉ ላይ ቢንጠለጠል ከሚመጣው ጋር እኩል ነው። ወጥ ዘንግ ከሆነ ማዕከሉ መሃሉ ላይ ነው። 196 በ2 በ0.866፣ ወደ 339.5 ኒውተን ሜትር።

ሞጁሉ ሳይኑን በቃላችሁ ያዙ ይላል። እኔ ተዉት ነው የምለው። ከስበት ማዕከሉ ቀጥታ ወደ ታች መስመር አስምሩ። ከማጠፊያው እስከዚያ መስመር ያለውን አግድም ርቀት ፈልጉ፤ እዚህ 1.73 ሜትር ነው። በክብደቱ አባዙት፣ አለቀ።

«ወጥ» የምትለዋን ቃል ግን አትዝለሏት። ሰፈራችን ሙሉ በባሕር ዛፍ አጠና መወጣጫ የተከበበ ነው። አጠና አንድ ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው፤ የስበት ማዕከሉም ከመሃል ወደ ወፍራሙ ይሸሻል። ድንጋይ ላይ አጋድማችሁ ሚዛን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ፣ እሱ ነው። ሁለት ሆነው ሲሸከሙት ደግሞ ነባሩ ሠራተኛ ቀጭኑን ጫፍ ሲይዝ አይቻለሁ። ወፍራሙ ለአዲስ ገቢ ነው።

ፋይናል ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ መጣ። መስመሬን አሰመርኩ፣ ቁጥሩን አገኘሁት፣ ግን በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር የመቀነስ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። አንድ ነጥብ ተቀነሰብኝ። ለእሷ ቅሬታ አላቀረብኩም፤ ዝናብ ነበር፣ ሰልፉም ረጅም ነበር።