በሪያድ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ የተሰጠ ሽሮፕ

ልጁ አራት ዓመቱ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አተኩሶታል። እናቱ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ላይ የፓራሲታሞል ሽሮፕ አጠጣችውና ከቤት ስትወጣ፣ በሩን ይዛ ለሠራተኛዋ «ዳዋ ሳዊ ኸላስ» አለቻት። ከወሎ ሄዳ ገና ጥቂት ወራት የሠራችው ልጅ «ኦኬ መዳም» ብላ ተቀበለች። እመቤቲቱ ገና መኪና ውስጥ ሳትገባ ሠራተኛዋ ጠርሙሱን አንስታ ያንኑ መጠን ለልጁ ደገመችለት።

እናትየው ያለችው «መድኃኒቱን ሰጥቼዋለሁ፣ አልቋል» ነው። ሠራተኛዋ የሰማችው ደግሞ «መድኃኒቱን ስጪውና ጨርሺ» የሚል ነው። ነገሩ የታወቀው እናትየው ስልክ ደውላ ስለ ልጁ ስትጠይቅ ነው። ሐኪም ቤት ተኬደ፤ ልጁም ደህና ሆኖ ተመለሰ። ነገር ግን ፓራሲታሞል በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት የሚፈልግ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ የማይሰጥ፣ ሲበዛም ጉበት የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ሠራተኛዋ ጠርሙሱን ይዛ መሄዷና ሁለተኛው የተሰጠበትን ሰዓት ሳትደብቅ መናገሯ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ሆኖታል። እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰባት ሁሉ እንደዚያ ታድርግ፤ ቁጣን ፈርቶ ሰዓት መደበቅ ልጁን ለአደጋ ያጋልጣል።

ሁለቱ የተነጋገሩበት ቋንቋ ዓረቦች እርስ በርሳቸው የሚናገሩት ዓረብኛ አይደለም። የባሕረ ሰላጤው ነዳጅ ከህንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከስሪላንካና ከፊሊፒንስ ሠራተኛ ሲስብ፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ እንዲሁም ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው ለመግባባት ያበጁት ነው። አጥኚዎች የባሕረ ሰላጤው ፒጂን ዓረብኛ ይሉታል፤ ፒጂን ማለት የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሰዎች ለመግባባት ያቀለሉት ቋንቋ ነው፤ ስማርት የተባለ ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ሰው ግን «የተሰባበረ ዓረብኛ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ አጠራር ይጎዳል፤ የተሰባበረ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ሕግ ያለው አይመስለውምና አይማረውም። ሕግ ግን አለው። «ፊ» አለ ወይም ነው፣ «ማፊ» የለም ወይም አይደለም ነው። የአንድን ነገር ባለቤት «ማል» ያሳያል፤ «ባብ ማል ሰያራ» የመኪናው በር ማለት ነው። ቀጥታ ሂድ ለማለት «ሲዳ» ይባላል፣ ይህም ከህንዶቹና ከፓኪስታኖቹ የመጣ ነው። «ሳዊ» ደግሞ ለማንኛውም ድርጊት ያገለግላል፦ መደወል «ሳዊ ተሌፎን» ይሆናል።

ለእኛ ሰው ወጥመዱ ግሱ ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉን ነገር ለግስ መስጠት ለምዷል። «ሰጠሁት» ስንል ማን እንደሰጠ፣ ለማን እንደሰጠ፣ ጊዜውም ማለፉ በአንዲት ቃል ያልቃል። በፒጂኑ ግን ግሱ አይረባም። «ሳዊ» ሰጠሁም፣ እሰጣለሁም፣ ስጪም ሊሆን ይችላል። ዓረቦቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ግሳቸው እንደ እኛው ይረባል፤ ወደ ሠራተኛ ሲዞሩ ግን ራሳቸውም ይተዉታል። ስለዚህ ሠሪውንና ጊዜውን ከግሱ ውጭ ለብቻ ማስቀመጥ ግድ ነው። ያን ቀን መባል የነበረበት «አና አወል ሳዊ ዳዋ። ኢንታ ማፊ ሳዊ» ነው፤ «አና» እኔ፣ «ኢንታ» አንቺ፣ «አወል» ቀደም ሲል። የሚመጣውን «ባዕደን» (በኋላ) ወይም «ቡክራ» (ነገ) ይነግረናል። አሠሪዋ እነዚህን ካላስገባች ሠራተኛዋ ትጠይቅ፦ «ሚን ሳዊ? ሳዓ ከም?» ማን አደረገ፣ በስንት ሰዓት። «ዳዋ ፊ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መድኃኒት አለ ወይ ተብሎ ሊሰማ ይችላል።

ቁጥር ላይ ሌላ አደጋ አለ፣ ይህንን ብዙ አሠልጣኞች ሲዘሉት ያሳዝናል። ዓረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች ስለሆኑ የእነሱ ባለ አንድ አኀዝ ቁጥር ሲጠራ የእኛን አሥር እጥፉን ይመስላል። «ተላታ» 3 ነው፣ እኛ ሰላሳ እንላለን። «አርባዓ» 4፣ እኛ አርባ። «ኸምሳ» 5፣ እኛ ሃምሳ። «ሰብዓ» 7፣ «ተማንያ» 8፣ እኛ ጋ ሰባና ሰማንያ። ለደከመና ለቸኮለ ጆሮ ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። «ተማንያ ናፈር» እየመጡ ነው ስትባል ስምንት እንግዶች ናቸው። 5 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ሲሆን ግን ጆሮን ማመን አይገባም፤ መድኃኒቱ በሚለካበት መርፌ አልባ ስሪንጅ ላይ መስመሩን በጣት ማሳየትና አሠሪዋም ጣቷን እዚያው መስመር ላይ እንድታደርግ መጠበቅ ይሻላል።

ሰዓቱም እንዲሁ። ሪያድና አዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ተቀራራቢ ነው፣ የስልኩም ሰዓት አንድ ነው፤ የምንቆጥረው ግን በስድስት ሰዓት ተለያይቶ ነው። «ሳዓ ዋሂድ» የእኛ ሰባት ሰዓት ነው፣ «ሳዓ ሰብዓ» የእኛ አንድ ሰዓት። «ባዕደን ሳዓ ኸምሳ» ስትባል መድኃኒቱ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሰጣል ማለት ነው። በአእምሮ ከመቀየር ይልቅ የስልኩን ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጎ በቁጥሩ ብቻ መሥራት ይቀላል፤ 17:00 ተብሎ ሲጻፍ አሠሪዋም ሠራተኛዋም አንድ ነገር ያያሉ።

በዚያ ቤት ከዚያ ወዲህ «ኦኬ» ብቻውን መልስ መሆኑ ቀረ፤ ሠራተኛዋ የሰማችውን በራሷ አፍ ትመልሳለች፦ «ኢንታ አወል ሳዊ። አና ባዕደን ሳዊ፣ ሳዓ ኸምሳ። ሴም ሴም?» «ሴም ሴም» እንደዚያው ነው ወይ ማለት ነው። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ የሰጠው ሰው ወዲያው ሰዓቱንና ሚሊ ሊትሩን በቁጥር ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ መድኃኒት ተሰጥቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ እስኪረጋገጥ ጠርሙሱ አይከፈትም። እናትየው ውጭ ሆና ካዘዘች ደግሞ በድምፅ መሆኑ ቀርቶ በዋትስአፕ ቁጥር ትልካለች፤ በስልክ ላይ ጣትም መስመርም ማሳየት አይቻልምና።